ከክንፉ ወደ ባትሪው፦ የኤሌክትሪክ ፓራሞተር ለሚገጣጥሙ የተደረገ ዲስኩር



በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓራሞተር በጋራዡ ለመገጣጠም ያሰበ ሰው ምክር ሲፈልግ አፉን የሚከፍተው በሞተሩ ነው። «የትኛውን ሞተር ልግዛ? ስንት ኪሎዋት ይበቃኛል?» ይላል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ነው። ምርጫው የሚጀምረው ከመሬት ከሚነሣው ክብደት ነው። ቀጥሎ ክንፉ ይመጣል፤ ከክንፉ ፕሮፔለሩ፣ ከፕሮፔለሩ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ባትሪው ይወለዳል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ለምን እንደገዛው በቁጥር ያስረዳችኋል። ከሞተሩ የጀመረ ግን የቀረውን ሁሉ ለሞተሩ ሲያመቻች ይከርማል፤ በመጨረሻ ተሸክሞ መሮጥ የማይችለውን ዕቃ ይታቀፋል።

ፓራሞተርን በቅርብ ላላያችሁ በአጭሩ ላስረዳ። ከስስ ጨርቅ የተሰፋ ክንፍ በቀጫጭን ክሮች ከትከሻችሁ በላይ ይዘረጋል። ጀርባችሁ ላይ ሞተርና ፕሮፔለር፣ ዙሪያውን ደግሞ ማቀፊያ አጥር ይታዘላል። ሮጣችሁ ትነሣላችሁ፤ በእግራችሁ ታርፋላችሁ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ባለሁለት ምት በሆነ የቤንዚን ሞተር ነው። በኤሌክትሪክ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሀንጋሪያዊው ቻባ ሌማክ ሲሆን የበረረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ኦፕን ፒፒጂ የተባለው የአሜሪካ ሥራ ንድፉን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ስላወጣ፣ ዛሬ በቤቱ የሚገጣጥም ሰው ከባዶ አይነሣም።

እዚህ አሜሪካ ሕጉ ገር ነው። ክፍል 103 የሚባለው የፌዴራል የአቪዬሽን ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ከ254 ፓውንድ በታች የሆነን የአንድ ሰው በራሪ ያለ አብራሪ ፈቃድና ያለ ምዝገባ ይፈቅዳል። 254 ፓውንድ 115 ኪሎ ገደማ ነው፤ እኛ የምንሠራው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ደንቡ ሰው በተጨናነቀበት ሰፈር ላይ መብረርን ይከለክላል፤ እንደ ዴንቨር ባለ ትልቅ ኤርፖርት ዙሪያ ባለው ቁጥጥር የሚደረግበት አየር ውስጥም ያለ ፈቃድ አያስገባም። አገር ቤት ወስጄ ልብረርበት ለሚል ደግሞ መነሻው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ባትሪውን በሻንጣ ይዞ መሄድ የሚባል ነገርም የለም። የመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣ አይቀበልም፤ የእኛው ባትሪ ከ4,000 ዋት ሰዓት ይበልጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ክንፉ 6 ኪሎ፣ የራስ ቁሩና ልብሱ 4 ኪሎ፣ ማሽኑ ከነባትሪው 30 ኪሎ ነው እንበል፤ ድምሩ 115 ኪሎ ይመጣል። ለጀማሪ የሚሆን ክንፍ፣ የማሽኑ አጥር የሚያስከትለው የአየር መያዝ ተጨምሮበት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ዝቅታ ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት ይንሸራተታል። እንግዲያው ከፍታን ጠብቆ ለመሄድ የሚያስፈልገው ግፊት 115 ለ6.5 ሲካፈል፣ ማለትም 18 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን ግፊት በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መያዝ 1.9 ኪሎዋት ይጠይቃል።

ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ታይቷችሁ ይሆናል፤ ግን ባትሪው የሚከፍለው ከዚህ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ፍጥነት ፕሮፔለሩ ከሚቀበለው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው ወደ ጥቅም የሚለውጠው። ሞተሩና ከባትሪው የሚመጣለትን ኃይል የሚመጥነው መቆጣጠሪያ ደግሞ አሥር በመቶ ያህል በሙቀት ያጠፋሉ። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ 4.2 ኪሎዋት ገደማ ይወጣል።

እኛ ያለነው ግን በባሕር ጠለል ላይ አይደለም፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በመደበኛ ሁኔታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በሐምሌ ቀትር ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ መሳሳቱ ወደ 23 በመቶ ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት። መነሻ ሩጫችሁ ይፈጥናል፤ ለመብረር የሚያስፈልገው ጉልበትም ይጨምራል። በመደበኛው ቀን ጭማሪው 8 በመቶ ስለሆነ 4.2ቱ 4.5 ኪሎዋት ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,400 ሜትርና በ20 ዲግሪ፣ አየሩ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ ጭማሪው ወደ 17 በመቶ ይደርሳል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከቤንዚኑ በግልጽ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የደጋ ሰዎች በመሆናችን ነገሩ ይመለከተናል። የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ጉልበቱም አብሮ ያንሳል፤ ዴንቨር ላይ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪኩ አይተነፍስም፤ ባሕር ዳርቻ የሚሰጠውን ጉልበት ተራራ ላይም ይሰጣል። ፕሮፔለሩ ግን ቀጭን አየር ሲቆርጥ ግፊቱ መቀነሱ ስለማይቀር፣ ለቆላ የተመረጠ ፕሮፔለር ለደጋ ይሆናል ብላችሁ አትግዙ።

ክንፉን በሚመለከት ቃሌ አጭር ነው። ክንፍ በቤት አይሠራም። ታማኝ ከሆነ አምራች፣ በጠቅላላ ክብደታችሁ ልክ፣ ለጀማሪ የተመደበውን ግዙ። የኤሌክትሪክ ማሽን ከቤንዚኑ ጥቂት ኪሎ ስለሚከብድ፣ ለቤንዚን ማሽን የበቃችሁ የክንፍ ልክ ለዚህኛው ሊጠባችሁ ይችላል። አሮጌ ክንፍ ከሆነ የጨርቁ አየር ማሳለፍና የክሮቹ ጥንካሬ በባለሙያ ተለክቶ ይረጋገጥ።

ፕሮፔለሩ ላይ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይ፤ ጀማሪ ገጣጣሚ በጣም የሚንቀው ዕቃ እሱ ነውና። ከመሬት ለመነሣትና በሚገባ ለመውጣት 53 ኪሎ ያህል ግፊት እንፈልጋለን እንበል። ይህን ግፊት ለማግኘት የሚያስፈልገው ጉልበት ከፕሮፔለሩ ስፋት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ብዙ አየር ቀስ አድርጎ የሚገፋ ሰፊ ፕሮፔለር፣ ጥቂት አየር በኃይል ከሚወረውር ጠባብ ፕሮፔለር ይልቅ ጉልበት ይቆጥባል። ከ110 ሴንቲ ሜትር ወደ 130 ብትሸጋገሩ ለዚያው ግፊት 15 በመቶ ያህል ጉልበት ታተርፋላችሁ። 15 በመቶ የባትሪ ክብደት ለመቀነስ ግን በገንዘብ የሚገዛ መላ የለም። ኦፕን ፒፒጂም በመጀመሪያ ትንንሽ ፕሮፔለር ያላቸው በርካታ ሞተሮች ሲጠቀም ቆይቶ፣ ወደ አንድ ትልቅ ሞተርና አንድ ሰፊ ፕሮፔለር ዞሯል።

ሰፊው ፕሮፔለር ዋጋውን የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው። አጥሩ ይሰፋል፤ ስትንበረከኩ መሬት ይነካል፤ ዙሩም መውረድ አለበት። 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 163 ሜትር ይጓዛል። ከዚያ በላይ ባሳደጋችሁት መጠን ጫጫታው በፍጥነት ያድጋል፤ የኤሌክትሪክ ፓራሞተር ዋና ደስታው ዝምታው ስለሆነ ይህን አታባክኑት። ፕሮፔለሩን የጀርመኑ ሄሊክስና የፈረንሳዩ ኢ-ፕሮፕስን ከመሰሉ አምራቾች፣ የሞተራችሁን ዙር፣ ጉልበትና የምትበሩበትን ከፍታ ነግራችሁ እዘዙ። ከቤንዚን ማሽን የተፈታ ፕሮፔለር ዘንበሉ ለሌላ ዙር የተቀረጸ ስለሆነ ሞተሩን ያለ ልኩ ሊያስጨንቀው ይችላል።

ፕሮፔለሩ ሲታወቅ ሞተሩ ራሱ ይታወቃል። 130 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 53 ኪሎ ግፊትና የዴንቨር አየር አንድ ላይ ሲሰሉ ሞተሩ ዘንግ ላይ 11 ኪሎዋት ገደማ ይፈለጋል፤ ከባትሪው የሚወጣው ደግሞ 12። በ2,400 ዙር 11 ኪሎዋት ማለት 44 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ሞተር ስትገዙ ልታነቡት የሚገባው ቁጥር ይኸኛው ነው። ሻጩ በትልቁ የሚጽፈው «20 ኪሎዋት» አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ነው። እናንተ የምትፈልጉት ለሦስት አራት ደቂቃ ሳይቃጠል የሚሰጠውን ነው፤ እስከ ከፍታችሁ ድረስ የሚያወጣችሁ እሱ ነውና። ያለማቋረጥ ስለሚሰጠው ጉልበት ያልተጻፈበትን ሞተር አትግዙ።

ሁለተኛው ቁጥር ለአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚሰጥ የሚናገረው ነው። በቀጥታ ፕሮፔለሩን ለሚያዞር ሞተርና ለ86 ቮልት ባትሪ 40 አካባቢ ይስማማል፤ ያለ ጭነት 3,400 ገደማ ዞሮ፣ ጭነት ሲያርፍበት ወደምንፈልገው ዙር ይወርዳል። በቺንጋ ዙሩን ለመቀነስ ከፈለጋችሁ ግን የሞተሩ ቁጥር ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩም ይቀላል። እኔ በቀጥታ የሚያዞረውን እመርጣለሁ። ቺንጋ፣ ፑሊና ተጨማሪ ኩሽኔታ ያተረፉትን ክብደት በከፊል ይመልሱታል፤ የሚበላሽ ዕቃም ይጨምራሉ።

መቆጣጠሪያው ከባትሪው ሙሉ ቮልት በላይ የሚችል መሆን አለበት። 24 ሴል በተከታታይ ሲያያዝ ስሙ 86 ቮልት ይሁን እንጂ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 100.8 ይደርሳል። «እስከ 100 ቮልት» የተባለ መቆጣጠሪያ በዚያ ቮልት ላይ ትርፍ የለውም፤ 120 እና ከዚያ በላይ የሚችለውን ፈልጉ። ከባትሪው ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ሽቦ አጭር ይሁን። ሽቦ ማስረዘም ካለባችሁ በመቆጣጠሪያውና በሞተሩ መካከል ያለውን አስረዝሙ፤ የባትሪው ሽቦ ሲረዝም መቆጣጠሪያው ውስጥ የሚፈጠረው የቮልት መዋዠቅ ካፓሲተሮቹን ይገድላል። ባትሪውን ስታገናኙ የሚወጣው ብልጭታም መጋጠሚያውን ይበላል፤ ብልጭታ የሚከላከል መጋጠሚያ በገበያ ይሸጣል።

ወደ ባትሪው ደረስን። ቤንዚን በኪሎ 12,000 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ጥሩ የሊቲየም ሴል በኪሎ 250 ገደማ ነው። የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ስለሚያጠፋው ልዩነቱ በሥራ ላይ ይጠባል፤ ቢሆንም ብዙ እጥፍ ሆኖ ይቀራል። ኤሌክትሪክን የመረጠ ሰው አጭር በረራን መምረጡን በግልጽ ይወቅ።

የምመርጠው ሴል ሞሊሴል ፒ42ኤ የተባለው ባለ 21700 መጠን ነው። አንዱ 70 ግራም ይመዝናል፤ 4.2 አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ 45 አምፔር መስጠት ይችላል። 24 በተከታታይ፣ 12 ጎን ለጎን ሲደረደሩ 288 ሴል፣ 4.3 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከነመያዣው ሳይሆን የሴሉ ብቻ 20 ኪሎ ይሆናል። መያዣ፣ ላሜራና ሽቦ ሲጨመር ባትሪው ብቻ 23 ኪሎ ላይ ስለሚያርፍ፣ ማሽኑን በ30 ኪሎ ለመጨረስ በሌላው ሁሉ መቆጠብ ይጠይቃል፤ ካልሆነላችሁ ሂሳቡን በትክክለኛው ክብደት እንደገና ሥሩ።

በመነሻ ጊዜ 12 ኪሎዋት ስትጠይቁት 140 አምፔር ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ሴል ከ12 አምፔር ትንሽ ያነሰ ይደርሰዋል። ለዚህ ሴል ይህ ቀላል ጭነት ነው። አሁን ሳምሰንግ 50ኢን ተመልከቱ። መጠኑና ክብደቱ ተመሳሳይ ሆኖ 5 አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ በወረቀት ላይ የሚሻለው እሱ ነው። ነገር ግን ያለማቋረጥ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 10 አምፔር እንኳ አይሞላም። በእያንዳንዱ መነሻ ከልኩ በላይ ይጨነቃል፤ ይግላል፤ ቮልቱ ይወርዳል፤ ቶሎ ያረጃል። ብዙ የሚይዘውና ብዙ የሚሰጠው ሴል አንድ እንዳልሆኑ ሳይለዩ ገንዘብ አታውጡ።

ከተጋጨ የቴስላ ሞዴል ኤስ የተፈታ የባትሪ ክፍል በርካሽ አግኝቻለሁ የሚልም አይጠፋም። 5 ኪሎዋት ሰዓት በ25 ኪሎ ገደማ፤ ያጓጓል። ቮልቱ ግን 22 ብቻ ነው። 12 ኪሎዋት ከ22 ቮልት ለማውጣት 545 አምፔር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሸከም ሽቦና መቆጣጠሪያ በጀርባ አይታዘልም።

ከ4.3ቱ ውስጥ 80 በመቶውን፣ 3.5 ያህሉን፣ ለበረራ እንመድብ። በ12 ኪሎዋት የሦስት ደቂቃ መውጣት 0.6 ይበላል። የቀረው 2.9 በ4.5 ኪሎዋት ሲካፈል 39 ደቂቃ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ለገዛ ራሳችሁ ቃል አትግቡ።

የባትሪው መጠበቂያ ሰሌዳ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የተሠራ ሰሌዳ አንድ ሴል ሲደክም ኃይሉን በድንገት ይቆርጣል። ብስክሌት ይቆማል። እናንተ ግን በዛፍ ጫፍ ከፍታ ላይ አፍንጫችሁን ሽቅብ አድርጋችሁ እየወጣችሁ ከሆነ፣ ባትሪውን ለማዳን እናንተን ይጥላችኋል። ሰሌዳው ቻርጅ ሲደረግ ይቆጣጠር፤ በበረራ ላይ ያስጠንቅቅ፤ ጉልበቱን የሚቀንሰው መቆጣጠሪያው ይሁን፣ እሱም ቀስ በቀስ። በዋናው ሽቦ ላይ ፊውዝ ይኑር። አንድ ሴል ቢቃጠል እሳቱ ወደ ጎረቤቱ እንዳይዘል በመካከላቸው ክፍተትና መለያ አድርጉ፤ ጋዙ የሚወጣበትን ቀዳዳም ከጀርባችሁ በተቃራኒ አዙሩ። ኒኬል ላሜራ በነጥብ ብየዳ መግጠም ያልለመደ ሰው 288 ሴል ይዞ ልምምድ መጀመር የለበትም፤ በትንሽ ባትሪ ይጀምር፣ ወይም የተገጠመ ይግዛ። የሴሉን ጫፍ በካውያ ማሞቅ ሴሉን ይጎዳል። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ የኮሎራዶ ጠዋትም ባትሪውን ቻርጅ አታድርጉ፤ ሊቲየሙ ውስጥ ለውስጥ እንደ ብረት ይጋገርና ለአጭር ዙር በር ይከፍታል።

100 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል። ይህ ያሳሰበው ገጣጣሚ 14 ሴል በተከታታይ አድርጎ ከ60 ቮልት በታች መቆየት ይችላል፤ አምፔሩ ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያድጋል፣ ሽቦውም ይወፍራል።

የቤንዚን ሞተር ከመነሣቱ በፊት ያስገመግማል፤ ሰው ይሸሻል። ኤሌክትሪኩ ፕሮፔለር ቆሞ፣ ዝም ብሎ፣ በአንድ ጣት ንክኪ በሙሉ ኃይል ይዞራል። ስለዚህ በእጅ የሚያዘው የጉልበት መስጫ በሽቦ የተገናኘ ይሁን፤ ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ እንዲቆም ተደርጎ ይዘጋጅ፤ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ካልተፈጸሙ የማይነቃ ማንቂያ ይኑረው። ማንቂያው የሚከፈተው ማሽኑ ታዝሎ፣ ማሰሪያው ተቆልፎ፣ ከኋላ ሰው አለመኖሩ ከታየ በኋላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩ ፕሮፔለሩ ይፈታ። የሞተሩ ጉልበት በቅጽበት እንዳይመጣም መቆጣጠሪያው ላይ ማለስለሻ አስገቡ፤ 44 ኒውተን ሜትር በድንገት ሲመጣ ወንበራችሁን ወደ ጎን ያዞራል፣ የክንፉን ማሰሪያም ሊጠመዝዝ ይችላል።

ማቀፊያውን፣ ወንበሩንና ማሰሪያውን በተመለከተ ምክሬ ሞተሩ የተቃጠለበት የቤንዚን ፓራሞተር በርካሽ ፈልጋችሁ አካሉን መውሰድ ነው። የማንጠልጠያ ነጥቦቹና የአጥሩ ርቀት በሌሎች ሰዎች በረራ ተፈትነዋል። የእናንተ ሥራ የሞተሩን መያዣ መቁረጥ፣ ባትሪውን ወደ ጀርባችሁ አስጠግቶ ማሰርና ማሽኑ ስትንጠለጠሉ ወደ ኋላ እንዳይጎትታችሁ ሚዛኑን ማስተካከል ነው። እያንዳንዱ ቦሎን በማይፈታ ዳዶ ይያዝ።

ሁሉም ሲገጠም ማሽኑን ከጠንካራ ምሰሶ ጋር በሚዛን እሰሩትና ግፊቱን ለኩ። ለአራት ደቂቃ በመነሻ ጉልበት ይሥራ፤ የሞተሩን፣ የመቆጣጠሪያውንና የሴሎቹን ሙቀት መዝግቡ። ሚዛኑ 53 ሲል እንጂ ሻጩ 53 ሲል አትመኑ።

የግዢውን ተራ ልንገራችሁና ላብቃ። መጀመሪያ ሥልጠናውን ክፈሉ፤ ቢቻል በአስተማሪ የቤንዚን ማሽን በራችሁ ቻሉበት። ከዚያ ክንፉን፣ ቀጥሎ አካሉን፣ ፕሮፔለሩንና ሞተሩን፣ መቆጣጠሪያውን ግዙ። ባትሪውን በመጨረሻ ግዙ፤ ሴል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃልና፣ ሌላው ዕቃ እስኪሟላ አንድ ዓመት አስቀምጦ መጠበቅ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ከገዛችሁት በኋላ ለብዙ ቀን የማትበሩ ከሆነ በሙሉ ቻርጅ አታስቀምጡት፤ እያንዳንዱ ሴል ከ3.7 እስከ 3.8 ቮልት ላይ ሆኖ፣ ከመኝታ ክፍል ርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የሚሞላው ለመብረር በወሰናችሁበት ዋዜማ ነው፤ ሲሞላም ሰው አጠገቡ ነቅቶ ይቆይ።

ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።